የዴቪድ ቬተር ንቅለ ተከላ፦ ከለጋሽ መቅኔ ቲ ሴሎችን ማስወገድ ከምን ጠበቀ፣ ለምን አጋለጠ

የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1983 በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ዴቪድ ቬተር ከታላቅ እኅቱ የተወሰደ የአጥንት መቅኔ በደም ሥሩ በኩል ተሰጠው። መቅኔው ከለጋሿ አካል እንደ ወጣ አልተሰጠም። አስቀድሞ በላቦራቶሪ ታክሞ፣ በውስጡ የነበሩት ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች እንዲወገዱ ተደርጓል። ይህ የተደረገው የለጋሹ ሴሎች የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው የሚያጠቁበትን፣ ሐኪሞች በአህጽሮት ጂቪኤችዲ የሚሉትን በሽታ ለመከላከል ነበር። ንቅለ ተከላው በተደረገ በ124ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1984፣ ዴቪድ ሞተ። የገደለው ግን ጂቪኤችዲ አልነበረም።

የዴቪድ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ስላሳለፈው ሕይወትና ያ ሕይወት ስላስከተለው የሥነ ምግባር ክርክር ለማውራት ነው። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም የዚህ ጥናት ጉዳይ አይደለም። የለጋሽን ሴሎች ከንቅለ ተከላ በፊት በማከም ጂቪኤችዲን መከላከል ይቻላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ የዴቪድ የመጨረሻዎቹ አራት ወራት የሚሰጡት መልስ ያልተለመደ ነው፤ መከላከሉ ሠርቷል፣ ታማሚው ግን አልዳነም። እኔ ጉዳዩን የምረዳው ሴሎቹ በበቂ መጠን ተወግደዋል ወይስ አልተወገዱም ከሚለው ጥያቄ አንፃር ሳይሆን፣ የትኞቹ ተወገዱ፣ የትኞቹስ ቀሩ ከሚለው ጥያቄ አንፃር ነው።

የሕመሙ ዓይነትና የተራዘመው ጥበቃ

ዴቪድ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1971 ሲወለድ ሊያጋጥመው የሚችለው ነገር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ከእርሱ በፊት የተወለደው ወንድሙ ከባድ በሆነ የተፈጥሮ የበሽታ መከላከል እጥረት ምክንያት በሰባት ወሩ ሞቷል። ጉድለቱ ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ በመሆኑ ተሸካሚ የሆነች እናት ራሷ አትታመምም፤ የምትወልደው ወንድ ልጅ ግን በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ስለዚህም ፅንሱ ወንድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ሕፃኑ በቀዶ ሕክምና እንደተወለደ በሴኮንዶች ውስጥ ከጀርም ነፃ ወደሆነ የፕላስቲክ ክፍል እንዲገባ ዝግጅት ተደረገ። በኋላም ምርመራው በሽታው እንዳለበት አረጋገጠ።

ወላጆቹም ሐኪሞቹም ቆይታው ረጅም ይሆናል ብለው አላሰቡም ነበር። ታላቅ እኅቱ ተዛማጅ ለጋሽ ትሆናለች የሚል ተስፋ ነበራቸው። ይህም ባዶ ተስፋ አልነበረም፤ በሮበርት ጉድ የሚመራ ቡድን በ1968 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሕመም ለነበረበት ሕፃን የእኅቱን መቅኔ ሰጥቶ ማዳን ችሎ ነበር። የዴቪድ እኅት ምርመራ ግን ሙሉ በሙሉ እንደማትዛመድ አሳየ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ወይ ተዛማጅ ለጋሽ እስኪገኝ፣ ወይ የማይዛመድ መቅኔ የሚሰጥበት መንገድ እስኪፈጠር። ጥበቃውም አሥራ ሁለት ዓመት ወሰደ።

በእነዚያ ዓመታት ወደ ክፍሉ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ልብስም ይሁን መጫወቻ፣ ጀርሞችን በሚገድል ኢታይሊን ኦክሳይድ ጋዝ ለሰዓታት ከታከመ በኋላ ጋዙ ተንኖ እስኪያልቅ ይቆይ ነበር። አየሩ የተጣራ ነበር። ሰው ልጁን የሚነካው ከክፍሉ ግድግዳ ጋር በተያያዙ የጎማ ጓንቶች አማካይነት ብቻ ነው። በ1977 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ከክፍሉ ወጥቶ መራመድ የሚያስችለውን ልዩ ልብስ ሠራለት። ይህ ሁሉ ልጁን ከጀርም ቢጠብቀውም ለሕመሙ ፈውስ አልነበረም።

የበሽታው ዘረመላዊ ምንጭ በትክክል የተለየው በ1993 ነው። የተጎዳው ዘረመል፣ የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩባቸውን ኢንተርሉኪን የተባሉ መልእክቶች ለሚቀበሉ በርካታ ተቀባዮች የጋራ የሆነውን አንድ ክፍል የሚሠራው ነው። ይህ ክፍል ሲጎድል ቲ ሴሎች አይፈጠሩም፤ በቫይረስ የተያዙና ወደ ካንሰር የሚለወጡ ሴሎችን የሚገድሉት ኤንኬ ሴሎችም እንዲሁ። አንቲቦዲ የተባሉትን የመከላከያ ፕሮቲኖች የሚሠሩት ቢ ሴሎች በቁጥር ይኖራሉ፣ ነገር ግን ተግባራቸውን በአግባቡ አይወጡም። አንባቢ ይህን ዝርዝር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ቢ ሴሎች አሉ፣ እነርሱን የሚቆጣጠር ግን የለም።

የማይዛመድ መቅኔ አደጋው የት ላይ ነው

በንቅለ ተከላ ጊዜ መዛመድ ሲባል በዋናነት የሚታየው ኤችኤልኤ የተባሉት፣ በሴሎች ገጽ ላይ የሚገኙ መለያ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህን የሚወስኑት ዘረመሎች በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግተው ስለሚገኙ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ጥቅል ይወረሳሉ፤ ልጅ አንዱን ጥቅል ከአባት፣ ሌላውን ከእናት ያገኛል። በዚህም የተነሳ አንድ ሰው ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር ሙሉ በሙሉ የመዛመድ ዕድሉ ከአራት አንድ ሲሆን፣ ከወላጆቹ ጋር ግን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ብቻ ይዛመዳል።

በኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚፈራው የተቀባዩ አካል ባዕዱን እንዳይገፋ ነው። በመቅኔ ግን አደጋው ከሁለቱም ወገን ይመጣል፤ የሚተከለው ነገር ራሱ የመከላከያ ሥርዓት ነውና። ሩፐርት ቢሊንግሃም በ1966 ይህ በሽታ እንዲከሰት ሦስት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው አስቀምጦ ነበር፦ የተተከለው ነገር የመከላከል ብቃት ያላቸው ሴሎች ሊኖሩት ይገባል፣ ተቀባዩ ለጋሹ የሌለው መለያ ሊኖረው ይገባል፣ ተቀባዩም የተተከሉትን ሴሎች ለመግፋት አቅም የሌለው መሆን አለበት። ዴቪድ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከመወለዱ ጀምሮ አሟልቷል። ማንም ሊለውጠው የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ያም በለጋሹ መቅኔ ውስጥ የሚገኙት የበሰሉ ቲ ሴሎች ጉዳይ ነው።

ያልታከመ፣ ግማሽ ብቻ የሚዛመድ መቅኔ እንዲህ ላለ ሕፃን ሲሰጥ የሚሆነው በወቅቱ የታወቀ ነበር። ቆዳ ይቀላል፣ ይላጣል፤ ጉበት ይታመምና ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ አንጀት ይቆስልና ብዙ ውኃማ፣ አንዳንዴም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይመጣል። እንዲህ ያለው ከባድ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በሞት ይደመደም ነበር። በ1971 ዴቪድ የእኅቱን መቅኔ ያልወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ያንን ውሳኔ መተቸት ይቀላል፤ በጊዜው ከነበረው አማራጭ አንፃር ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

መቅኔውን ማከም

ሁኔታው መለወጥ የጀመረው ከ1980 ገደማ ጀምሮ ነው። በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪ የነበረው ያይር ራይስነርና በኒው ዮርክ የሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ባልደረቦቹ፣ ከአኩሪ አተር የሚገኝ ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን አንዳንድ የመቅኔ ሴሎችን አያይዞ እንደሚያዘቅጥ፣ ሌሎቹን የደም ሴሎች ሁሉ የሚያስገኙትን የደም ግንድ ሴሎች ግን እንደማይዝ በመጠቀም መቅኔን ከቲ ሴል ማጥራት ቻሉ። የተረፉትን ቲ ሴሎች ደግሞ ከበግ ቀይ የደም ሴሎች ጋር የመጣበቅ ጠባያቸውን ተጠቅመው ለይተው ያወጧቸው ነበር። ዘዴው የሚገርመው በቀላልነቱ ነው፤ ውድ መሣሪያ ሳይጠይቅ ግማሽ ብቻ የሚዛመድ የወላጅ መቅኔ ለሕፃናት እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ።

በቦስተን የሚገኘው የዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተሉ፤ ለዴቪድ የተመረጠውም ይህ በሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚሠራው መንገድ ነው። ሞኖክሎናል አንቲቦዲ በላቦራቶሪ የሚመረትና አንድን መለያ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ቴክኖሎጂ የተገኘው በ1975 በመሆኑ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር።

የሥራውን ሂደት በቅርበት መመልከት ይጠቅማል። ለጋሹ ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ፣ በወፍራም መርፌ ከዳሌው አጥንት ጀርባ በኩል መቅኔ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከብዙ ነጥቦች ይሳባል። የተሳበው እንዳይረጋ ሄፓሪን ከተባለው መድኃኒት ጋር ይደባለቃል፤ የአጥንት ፍርፋሪና የስብ ጠብታ በወንፊት ይጣራል። ቀጥሎ ሴሎቹ በክብደታቸው እንዲለያዩ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከሩና ቀይ የደም ሴሎች ከታች ሲሰፍሩ፣ የሚፈለጉት ሴሎች በመካከል እንደ ስስ ነጭ ሽፋን ሆነው ይገኛሉ። ያ ሽፋን ተቀድቶ ከአንቲቦዲው ጋር እንዲቆይ ይደረጋል። አንቲቦዲው ብቻውን ሴሉን አይገድለውም፤ ምልክት ያደርግበታል እንጂ። የሚገድለው ከጥንቸል ደም የሚዘጋጀው ኮምፕሊመንት የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ነው፤ አንቲቦዲ በተጣበቀበት ሴል ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ውኃ ይገባል፣ ሴሉም ይፈነዳል። ይህ በዙር በዙር ይደገማል። በመጨረሻም ሴሎቹ ታጥበውና ተቆጥረው እንደ ተራ የደም ልገሳ በደም ሥር ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ከሚመስለው በላይ ጥብቅ ነው። ለምሳሌ አንድ ያልታከመ መቅኔ ለተቀባዩ የሰውነት ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎግራም 20 ሚሊዮን ቲ ሴሎች ይይዛል እንበል። ከመቶ 99ኙ ቢወገድ የሚቀረው 200 ሺህ ነው፤ ለግማሽ ተዛማጅ ንቅለ ተከላ ይህ ገና ብዙ ነው። ከሺህ 999ኙ ሲወገድ 20 ሺህ ይቀራል፤ የበሽታው አደጋ በእጅጉ የሚቀንሰው በዚህ ደረጃ አካባቢ ነው። ስለዚህ 99 በመቶ ተሳክቷል የሚለው አነጋገር በሌላ የሕክምና መስክ ቢያስደስትም እዚህ አያረካም።

124ቱ ቀናት

ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሁሉም ነገር መልካም ይመስል ነበር። በጉጉትም በፍርሃትም ሲጠበቅ የነበረው የጂቪኤችዲ ማዕበል አልመጣም። የማይዛመድ መቅኔ ለተሰጠው ልጅ ይህ ብቻውን ትልቅ ውጤት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ የሚጠበቀው ሌላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ዴቪድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠና ታመመ። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ከዚያም የአንጀት መድማት ተከታተሉ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1984 በቅርበት ለማከም ሲባል ከፕላስቲክ ክፍሉ ወጣ፤ እናቱም ያለ ጓንት ልትነካው ቻለች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሞተ።

የእነዚህ ምልክቶች አሻሚነት ለማንኛውም የንቅለ ተከላ ሐኪም እውነተኛ ፈተና ነው። ትኩሳት፣ ተቅማጥና የአንጀት መድማት ጂቪኤችዲም ሊያመጣቸው የሚችሉ ናቸው፤ ኢንፌክሽንም እንዲሁ፤ በቫይረስ የሚቀሰቀስ የቢ ሴል መባዛትም እንዲሁ። ችግሩ ሕክምናቸው የሚቃረን መሆኑ ነው። ለጂቪኤችዲ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚጨቁን መድኃኒት ይሰጣል፤ ለቢ ሴል መባዛት ደግሞ ጭቆናውን ማንሳትና መከላከሉን ማበርታት ያስፈልጋል። አንዱን ሌላው ነው ብሎ ማከም በእሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ይሆናል። ያለ ናሙና ምርመራና ያለ ቫይረስ ልኬት ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ቫይረሱን በደም ውስጥ በፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ ለዚህ የሚያገለግለው ፒሲአር የተባለው ዘዴ ካሪ ሙሊስ ያሰበው ዴቪድ መቅኔ በተቀበለበት በዚያው በ1983 ሲሆን፣ በሳይንሳዊ መጽሔት የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

መልሱ የተገኘው በአስከሬን ምርመራ ነው። በልጁ አካል ውስጥ በርካታ እጢዎች ተገኙ፤ ከቢ ሴሎች የተነሱና ኤፕስታይን ባር የተባለውን ቫይረስ የያዙ ነበሩ። ቫይረሱ ከእኅቱ መቅኔ ጋር አብሮ ገብቷል። በሐኪሙ በዊሊያም ሺረርና በባልደረቦቻቸው በ1985 የቀረበው ዝርዝር ሪፖርት እንዳሳየው፣ እጢዎቹ ከአንድ እናት ሴል ብቻ የተባዙ አልነበሩም፤ የተለያየ ምንጭ ያላቸው በርካታ የቢ ሴል ዘሮች ጎን ለጎን አድገዋል። ይህ ግኝት ከዴቪድ ጉዳይ ባሻገርም ክብደት አለው፤ አንድ ቫይረስ በሰው አካል ውስጥ ካንሰር የሚያስነሳበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ እንዲታይ አድርጓልና።

ለጋሿ ታማሚ አልነበረችም። ኤፕስታይን ባር ቫይረስ በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ከዘጠና በመቶ በላይ በሚሆኑት አካል ውስጥ ይኖራል፤ ከመጀመሪያው ኢንፌክሽን በኋላ በቢ ሴሎች ውስጥ አድፍጦ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ጤነኛ ሰው የማይታመመው ቫይረሱ ስለማይኖርበት ሳይሆን፣ ቫይረሱን የሚያውቁ ቲ ሴሎች በየጊዜው ብቅ የሚሉትን የተበከሉ ቢ ሴሎች እየገደሉ ስለሚቆጣጠሩት ነው።

የተወገደውና የቀረው

አሁን ሁለቱን ክፍሎች ማገናኘት ይቻላል። የተጠቀሙበት አንቲቦዲ ያነጣጠረው ቲ ሴሎች ላይ ነበር፤ ቢ ሴሎችን አልነካም። እንዲነካም የተፈለገበት ምክንያት አልነበረም፤ ጂቪኤችዲን የሚያስነሱት ቲ ሴሎች ናቸውና። በዚህ ሳቢያ ወደ ዴቪድ የገባው መቅኔ ቫይረሱን የያዙ ቢ ሴሎች ያሉበት፣ እነርሱን የሚቆጣጠሩት ቲ ሴሎች ግን የተወገዱለት ነበር። በእኅቱ አካል ውስጥ ለዓመታት ጸንቶ የቆየው ሚዛን በሙከራ ቱቦ ውስጥ በአንድ ወገን ብቻ ፈረሰ።

የተቀባዩ ሁኔታ ደግሞ ችግሩን አባባሰው። ሌላ ዓይነት ታማሚ ቢሆን ኖሮ የራሱ ኤንኬ ሴሎች ቢያንስ በከፊል ሊያግዙት ይችሉ ነበር፤ ዴቪድ ግን በዘረመሉ ጉድለት ምክንያት እነርሱም አልነበሩትም። ከታከመ መቅኔ የሚነሱ አዳዲስ ቲ ሴሎች በተቀባዩ ታይመስ በተባለው የአካል ክፍል ውስጥ አልፈው ሠልጥነው እስኪወጡ ድረስ በአብዛኛው ከ90 እስከ 120 ቀናት ይፈጃል። ዴቪድ የሞተው በ124ኛው ቀን መሆኑን ከዚህ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ በሽታው ያደገው መከላከያ በሌለበት በዚያው ክፍት ጊዜ ውስጥ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ዕድሜውም ሊታሰብ ይገባል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ርብቃ ባክሊና ባልደረቦቿ በ1999 ባወጡት ዘገባ፣ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው 89 ሕፃናት መካከል 72ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከእነዚህም በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ከተተከለላቸው 22 ሕፃናት 21ዱ ተርፈዋል፣ ዘግይተው ከተተከለላቸው 67 ሕፃናት ግን የተረፉት 51 ናቸው። አብዛኞቹ የተቀበሉት ከወላጅ የተወሰደ፣ ግማሽ ብቻ የሚዛመድና ከቲ ሴል የጠራ መቅኔ ነበር። ይኸው መርሕ፣ በሌላ ዕድሜና በሌላ የማጥራት ዘዴ፣ ብዙዎችን አድኗል ማለት ነው። በነገራችን ላይ በዱክ የተመረጠው የአኩሪ አተሩ ዘዴ እንደ አንቲቦዲው በቲ ሴል ላይ ብቻ ያነጣጠረ አይደለም፤ ሌሎች የበሰሉ ሴሎችንም አብሮ ይቀንሳል።

ይህን መረዳት አንድ የተለመደ የተሳሳተ ድምዳሜን ለማስወገድ ይረዳል። የዴቪድ ሞት የሴል ማጥራት ሐሳብ ስለማይሠራ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ ማጥራቱ የተነደፈለትን ሥራ ሠርቷል። የጎደለው፣ የቲ ሴል መወገድ ራሱ አንድ የሕክምና ጉዳት መሆኑን ከመጀመሪያው አስልቶ ለዚያም ማካካሻ ማዘጋጀት ነው። የሁኔታውን ክብደት በ1983 የነበሩ ሐኪሞች ሙሉ በሙሉ ሊያውቁት ይገባ ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ በዚሁ ቫይረስ የሚነሱ እጢዎች በሕክምና ጽሑፎች መዘገብ የጀመሩት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው

ቀጥሎ የመጣው ሥራ አብዛኛው፣ የትኛው ይውጣ የትኛው ይቅር የሚለውን ጥያቄ እያጠራ የሄደ ነው። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የተሠራው ካምፓዝ የተባለው አንቲቦዲ ቲ ሴሎችን ብቻ ሳይሆን ቢ ሴሎችንም የሚይዝ በመሆኑ፣ በእርሱ ከታከመ መቅኔ በኋላ የኤፕስታይን ባር እጢ የሚታየው ቲ ሴል ላይ ብቻ ካነጣጠሩት ዘዴዎች ባነሰ መጠን ነው። ዛሬ በብዙ ማዕከላት ሴሎቹ አንቲቦዲ በተጣበቀባቸው ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች ምልክት ይደረግባቸውና በማግኔት መስክ ውስጥ ሲያልፉ የማይፈለጉት ተይዘው ይቀራሉ። በዚህ ዘዴ ከሚወገዱት መካከል ጂቪኤችዲን በዋናነት የሚያስነሱት አልፋ ቤታ የተባሉት ቲ ሴሎችና ሲዲ 19 የተባለውን መለያ የያዙት ቢ ሴሎች ይገኛሉ፤ ኤንኬ ሴሎችና ጋማ ዴልታ የተባሉት ቲ ሴሎች ግን ወደ ታማሚው ይገባሉ። ዴቪድ በተቀበለው መቅኔ ውስጥ ቢ ሴሎቹ ቀርተው ተከላካዮቹ መውጣታቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ የዚህ አመራረጥ ትርጉም ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በደም ካንሰር ታማሚዎች ላይ ያለው ስሌት ከዚህ የተለየ መሆኑን ማንሳት ግን ግድ ነው፤ የዴቪድን ጉዳይ እንዳለ ወደዚያ ማሻገር ስለማይቻል። የለጋሽ ቲ ሴሎች ጂቪኤችዲን የሚያስነሱትን ያህል የቀሩትን የካንሰር ሴሎችም ያጠቃሉ። በ1990 የወጣ ትልቅ ትንተና፣ በተለይ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ ባለባቸው ታማሚዎች ላይ፣ ከቲ ሴል የጠራ መቅኔ መስጠት የካንሰሩን መመለስ እንደሚያበዛ አሳይቷል። የተወለዱ ሕፃናትን የመከላከል እጥረት ለማከም ሲባል በሚደረግ ንቅለ ተከላ ግን የሚጠፋ ካንሰር ስለሌለ ይህ ኪሣራ የለም። አንድን የማጥራት ዘዴ ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ ከመፈረጅ በፊት ለየትኛው ታማሚ ተብሎ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው። ሌሎች ማዕከላት ደግሞ መቅኔውን ከመንካት ይልቅ፣ ንቅለ ተከላው ከተደረገ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን መድኃኒት ለታማሚው በመስጠት በጥቃት የተነሳሱትን ቲ ሴሎች የሚገድለውን በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መንገድ መርጠዋል። ላቦራቶሪ ስለማይጠይቅ ተስፋፍቷል።

የቫይረሱን አደጋ በሚመለከት ደግሞ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። የመጀመሪያው ክትትል ነው፤ የቫይረሱ መጠን በደም ውስጥ በየሳምንቱ በፒሲአር ይለካል፣ ሲጨምር ከታየም እጢ እስኪፈጠር ሳይጠበቅ በአሜሪካ በ1997 የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለ፣ ቢ ሴሎችን የሚያጠፋ አንቲቦዲ ይሰጣል። ሁለተኛው የተወገደውን መልሶ መስጠት ነው፤ ግን ሁሉንም ሳይሆን የሚያስፈልገውን ብቻ። በ1994 የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች፣ ከቲ ሴል የጠራ መቅኔ ከተቀበሉ በኋላ በዚህ ቫይረስ እጢ ለወጣባቸው አምስት ታማሚዎች የለጋሾቻቸውን ነጭ የደም ሴሎች ሰጥተው እጢዎቹ ሲከስሙ አይተዋል። ይህ ግን የተወገዱትን ቲ ሴሎች ሁሉ በጅምላ መመለስ ስለሆነ ጂቪኤችዲን ይዞ ሊመጣ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት ክሊዮና ሩኒ፣ ሄለን ሄስሎፕና ባልደረቦቻቸው ኤፕስታይን ባር ቫይረስን ብቻ ለይተው የሚያውቁ የለጋሽ ቲ ሴሎችን በላቦራቶሪ አባዝተው መስጠት እንደሚቻል አሳዩ፤ እነዚህ ሴሎች የተቀባዩን አካል ሳይሆን ቫይረሱ ያለበትን ሴል ያጠቃሉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቆየት ብለው ሥራቸውን ወደ ሂዩስተን አዛወሩ፤ ዴቪድ የታከመበት የቴክሳስ የሕፃናት ሆስፒታልም ዘዴው ከሚሠራባቸው ማዕከላት አንዱ ነው።

ከዴቪድ ጋር ተመሳሳይ ጉድለት ይዞ የሚወለድ ሕፃን ዛሬ በአሜሪካ በፕላስቲክ ክፍል ውስጥ አያድግም። ከ2008 ጀምሮ ከዊስኮንሲን የተነሳው የአራስ ሕፃናት የደም ምርመራ በ2018 መጨረሻ ሁሉንም የአገሪቱ ግዛቶች አዳርሷል፤ ሕፃኑ ኢንፌክሽን ሳይዘው ስለሚታወቅ ንቅለ ተከላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደረጋል። ለጋሹ ግማሽ ብቻ የሚዛመድ ወላጅ ቢሆን እንኳ፣ ወላጁ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ተሸካሚ መሆን አለመሆኑ ከመቅኔው መሰብሰብ በፊት ይመረመራል፤ በመዝገቡ ላይም ከቲ ሴሉ ቁጥር አጠገብ የቀሩት ቢ ሴሎች ቁጥር ተጽፎ ይገኛል።